የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ርቀት፣ በምድርና በአየር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ 565 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከቦሌ ተነሥቶ ወደዚያው ከተማ የሚበር አይሮፕላን ግን በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለውን ቀጥተኛ መስመር ቢከተል የሚሸፍነው 330 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው የ235 ኪሎ ሜትር ልዩነት ከአዲስ አበባ እስከ ደጀን ያለውን መንገድ ያህላል። ይህ ሁሉ ኪሎ ሜትር የት ገባ ተብሎ ቢጠየቅ የጎጃምን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሳያመነታ «ዐባይ በላው» ብሎ መመለሱ አይቀርም። መልሱ ግን በከፊል እንጂ በሙሉ ትክክል አይደለም።

ልኬቱን በሦስት ከፍሎ መመልከት ይበጃል። ከአዲስ አበባ እስከ ጎሐ ጽዮን መንገዱ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ቀጥታው 130 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ 55 ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን፣ ማለትም ሸለቆውን ወርዶ ለመውጣት፣ መንገዱ 40፣ ቀጥታው 22 ያህል ነው፤ ልዩነቱ 18። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ግን መንገዱ 340፣ ቀጥታው 180 ያህል ስለሆነ ልዩነቱ 160 ይደርሳል። እንግዲህ መንገደኛ ሁሉ የሚፈራው ሸለቆ ከ235ቱ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከአሥር አንዱን እንኳ አልወሰደም ማለት ነው። ዋናው ባለዕዳ ጮቄ ተራራ ነው። አንድ ሰው ካርታ ዘርግቶ ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር ማስመሪያ ቢያሳርፍ መስመሩ በጎሐ ጽዮንና በደጀን ሰማይ ላይ አልፎ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጮቄ ላይ ይወጣና ከዚያ ወደ ጣና ያዘቀዝቃል። የምድሩ መንገድ ግን ተራራውን ሊወጣው ስለማይችል በምዕራባዊው እግሩ ሥር ይዞራል፤ ከጮቄ የሚወርዱትን ጨሞጋን፣ ተምጫንና ብርን፣ ከዚያም ፈጣምን እየተሻገረ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራና ዳንግላ እያለ ይሄዳል። ስሟ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት የሆነው ፍኖተ ሰላም በመንገድ ዳር ከተማነት ያደገችው በዚሁ ዙሪያ መንገድ ምክንያት ነው።

ኪሎ ሜትሩን የወሰደው ጮቄ ይሁን እንጂ ጊዜውን የወሰደው ዐባይ ነው። ተራራን መዞር ያደክማል እንጂ አያግድም። ዐባይ ግን ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብ፣ ቀጥሎም በምዕራብ ከብቦ ስለሚፈስ፣ ከሸዋም ሆነ ከወሎ ወይም ከወለጋ ለሚመጣ ሰው ሌላ በር የለም። ሸለቆው ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,400 ሜትር ያላነሰ ጥልቀት አለው። ደጋውን ለቅቆ የወረደ መንገደኛ በግማሽ ቀን ውስጥ ከብርድ ወደ ወባ በረሃ ይገባል፤ ወንዙን ከተሻገረም በኋላ የወረደውን ሁሉ መልሶ ይወጣዋል። በበጋ መልካው ሲጎድል ሰውና ከብት በእግር ይሻገራሉ፤ ውሃው ከፍ ሲል ጭነቱ በቆዳ ታስሮ በዋናተኛ እየተገፋ ያልፋል። ከሰኔ ማለቂያ ጀምሮ ግን ወንዙ ሞልቶ ድልድይ በሌለበት ሁሉ መሻገሪያው ይዘጋል፤ እስከ መስከረምም አይከፈትም። ስለዚህ በቀድሞ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ስንት ቀን ያስኬዳል ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ አልነበረም። መጀመሪያ ወሩ መጠየቅ ነበረበት።

የጥንት ድልድዮች አልነበሩም ማለት አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት በጢስ ዐባይ አጠገብና በሞጣ በኩል የተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች በጎጃምና በበጌምድር መካከል ያለውን መተላለፊያ ለዘመናት አገልግለዋል። ሁለቱም የሚገኙት ሸለቆው ገና ጠባብ በሆነበት በላይኛው ክፍል ነው። ወደ ሸዋ በሚያሻግረው በሰፊው በረሃ ላይ ለመሥራት ግን የዘመኑ ግንበኛ አቅሙም መሣሪያውም አልነበረውም።

ከአይሮፕላን በፊት ይህን ሸለቆ ከማንም ይልቅ በጥንቃቄ የለካው በዳንግላ የተቀመጠ አንድ ቆንሲል ነበር። ሮበርት ቺዝማን ከ1918 ገደማ እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ሲሠራ፣ በካርታ ላይ በነጠብጣብ ብቻ ይታይ የነበረውን የዐባይን አካሄድ በበቅሎ እየተጓዘ መዝግቧል። አብዛኛውን ጉዞውን ያደረገው የሸለቆውን አፋፍ በመከተል እንጂ ከወንዙ ዳር ሆኖ አይደለም፤ ወንዙን ተከትሎ መሄድ የማይቻልበት ቦታ ብዙ ነበርና። ገደሉ ባስገደደው ጊዜ እየራቀ፣ መውረጃ ባገኘበት ደግሞ እየወረደ ነው የሠራው። ውጤቱንም በ1928 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሞታል። የቅየሳ ሙያ ያለው አንባቢ ይህን ሥራ ከሌላው ሰው አብልጦ ሊያደንቀው ይችላል፤ ኋላ የአየር ፎቶግራፍ በአጭር ጊዜ የሚያነሳውን አገር በበቅሎ እግር መለካት ዓመታት ጠይቋልና።

ቺዝማን በዳንግላ ሳለ ነው አይሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የገባው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ በተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ የምትነዳ ፖቴዝ 25 አይሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ ደረሰች። በዚያን ጊዜ ባቡሩ መንገደኛውን ሁለት ሌሊት እያሳደረ በሦስት ቀን ያደርስ ነበር፤ አይሮፕላኗ መንገዱን በአንድ ቀን ጨረሰችው። ወሬው የከተማውን ሕዝብ ያስገረመው በፍጥነቱ ነበር። ከዐባይ ወዲያ ያለው አገር ግን አይሮፕላንን ያወቀው በሌላ መልኩ ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም በተደረገው ጦርነት፣ በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ከመሬት ጦር ጋር አይሮፕላኖችም ተሰልፈው ነበር። በመጀመሪያ የጣሉት ወረቀት ነው፤ አዋጅና ውግዘት የታተመበት ወረቀት። ቀጥሎ የጣሉት ቦምብ ነበር። ራስ ጉግሣም በዚያው ቀን በጦር ሜዳ ወደቁ። የመሬቱ ጦር በብዙ ቀን ጉዞ የደረሰበትን ቦታ አይሮፕላኖቹ በጥቂት ሰዓት ደርሰውበታል። ስለዚህ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአየር ጉዞ ታሪክ ሲጻፍ የመጀመሪያው ጭነት መንገደኛም ደብዳቤም እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስም የጎጃም አርበኛና ገበሬ በሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ወደ ዋሻና ወደ ጫካ ይሸሽ የነበረው የጠላት አይሮፕላን ቦምብ የሚጥል ስለነበረ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሜዳ ተጠርጎ ሰላማዊው አይሮፕላን ሲመጣ፣ ሽማግሌዎች በጥርጣሬ ቢመለከቱት የሚያስደንቅ አይሆንም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ግብር ዐመፅ ጊዜም የመንግሥት አይሮፕላኖች በምሥራቅ ጎጃም ገጠሮች ላይ ቦምብ ስለ ጣሉ ያ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት እንዳልነበር ታይቷል።

በምዕራብ ጎጃም ደጋ ላይ በሰው እጅ ስለ ተዘጋጀ የአይሮፕላን ማረፊያ የሚነገረው ታሪክም ከዚሁ ጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። በነሐሴ ወር 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንፎርድ የሚመራው «ሚሲዮን 101» የተባለው ቡድን ከሱዳን ድንበሩን ተሻግሮ በክረምት ጭቃ ውስጥ በእግርና በበቅሎ ወደ ጎጃም ገባ። ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው ከአርበኞቹ ጋር ይነጋገሩ የነበሩት አዛዥ ከበደ ተሰማም ከቡድኑ ጋር ሠርተዋል። ሳንፎርድ በሰከላ አካባቢ ፋጉታ በተባለው ደጋ ላይ ሰፈሩን እስኪያቆም ድረስ ሳምንታት ፈጅቶበታል። ከዚያም ካርቱም ከነበሩት አዛዦች ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ሲያስፈልግ፣ አይሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ በአፋፍ ላይ እንዲጠረግ አደረገ። ድንጋዩ ተለቅሞ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ሜዳው ተዘጋጀ። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦርድ ዊንጌት ቪንሰንት በምትባል ባለ ድርብ ክንፍ አይሮፕላን ከሱዳን በርሮ በዚህ ሜዳ አረፈ። ከካርቱም እስከዚያ ያለው ቀጥተኛ ርቀት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ አይሮፕላን ይህን በአራት ሰዓት በረራ ግድም ትጨርሰዋለች። ዊንጌት ከሳንፎርድ ጋር ሁለት ቀን ያህል ተማክሮ በዚያችው አይሮፕላን ተመለሰ። አብራሪው ሲያርፍ የድንጋዩ ጉዳይ አሳስቦት ይሆናል፤ ሲነሣ ግን ሜዳው የሚያልቀው በገደል ላይ ነበር።

ይህች አንዲት በረራ የአየርና የምድር ጊዜ ምን ያህል እንደሚለያይ ታሳያለች፤ ሆኖም ከዚህ የበለጠ አልሠራችም። ሰው ልታመላልስ ችላለች፤ ጦርን ግን ልታጓጉዝ አልቻለችም። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኡም ኢድላ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ ጉዞው የተደረገው በካሚዮን፣ በበቅሎና በእግር ነው። ጭነቱን ይሸከሙ የነበሩት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ከሱዳን ቆላ ወጥተው የጎጃምን ዳገትና ብርድ ስላልቻሉት አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። ጠላት የቡሬን ምሽግ ለቅቆ የሄደው በየካቲት መጨረሻ ነው። ደብረ ማርቆስ የተደረሰው መጋቢት 28፣ አዲስ አበባ የተገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነበር። ከድንበሩ እስከ ዋና ከተማው 105 ቀን ማለት ነው። በእርግጥ የዘገየው በጦርነቱ ነው፤ ቢሆንም ጦርነቱ ራሱ የተካሄደው መንገዱን ለመያዝ ነበር። ደምበጫ፣ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ምሽግ የሆኑት በዚያ መንገድ ላይ ስለሚገኙ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመጀመሪያውን በረራውንም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አይሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የዳግላስ ሥራዎች ነበሩ፤ ሕዝቡም በኋላ ዳኮታ እያለ ያውቃቸዋል። የዲሲ-3 ወገን ለእንደዚህ ያለ አገር ተስማሚ የነበረበት ምክንያት ቀላል ነው። ጎማው ወፍራም፣ ክንፉ ሰፊ፣ መንደርደሪያው አጭር ስለሆነ ያለ አስፋልት በሣር ሜዳ ላይ ይነሣል፣ ያርፋል። በዚህም የተነሣ በአገር ውስጥ መሥመር ቀስ በቀስ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና ሞጣን የመሳሰሉ ቦታዎች ከአየር መንገዱ ጋር ተገናኙ። የዲሲ-3 የጉዞ ፍጥነት በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢታሰብ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው የ190 ኪሎ ሜትር ቀጥታ መስመር በአየር ላይ ከሦስት ሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ባሕር ዳርም በሰዓት ከሩብ ግድም ይደረሳል። መንገደኛው ካቢን ውስጥ ተቀምጦ ዐባይን በጥቂት ደቂቃ ይሻገረዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ ሸለቆውን በሙሉ ከላይ አይቶት አያውቅም።

እዚህ ላይ ለሙያው ቅርብ የሆነ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,330 ሜትር ያህል፣ የደብረ ማርቆስ ሜዳ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በቦሌ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ቀኑ ሞቆ 25 ዲግሪ ሲደርስ የአየሩ እፍጋት በመደበኛ ሁኔታ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በ27 ከመቶ ያህል ያንሳል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት በምድር ላይ በ17 ከመቶ ፈጥኖ መሮጥ አለበት፤ መንደርደሪያውም በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚረዝም፣ የሞተሩና የፐሮፔለሩ መድከም ሳይታሰብ እንኳ፣ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ በደጋ ሜዳ ላይ ያለው ምርጫ ሜዳውን ማርዘም ወይም ጭነቱን መቀነስ ነው። ሜዳው በገደል ወይም በቤተ ክርስቲያን ዛፍ የተወሰነ ከሆነ የሚቀነሰው ጭነቱ ይሆናል። ከአየር ማረፊያው ጥግ ቆሞ «ቦታ እያለ ለምን አላሳፈራችሁኝም?» ለሚል መንገደኛ ይህን ማስረዳት ቀላል እንዳልነበር መገመት ይቻላል።

ጮቄም ቢሆን ለአይሮፕላን ጨርሶ እንቅፋት አልነበረም ማለት አይቻልም። ዲሲ-3 ካቢኑ በግፊት የተዘጋ ስላልሆነ ከ4,500 ሜትር በላይ ሲወጣ መንገደኛው አየር ያጥረዋል፤ ተራራው በደመና ሲሸፈን ደግሞ ቀጥተኛውን መስመር መከተል አደገኛ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥንቃቄ የሚያዝዘው እንደ ምድሩ መንገድ ሁሉ ተራራውን መዞርን ነው። ቀጥተኛው መስመር በካርታ ላይ እንጂ በሰማይ ላይ ሁልጊዜ ቀጥተኛ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የክረምቱ ጉዳይ ነበር። አይሮፕላን እጅግ የሚያስፈልገው ዐባይ በሚሞላበትና መንገዱ በሚበላሽበት ወራት ነው። የሣር ሜዳ ግን በዚያው ወራት ይረጥባል፤ የጎጃም ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ጎማ ይይዛል፤ ደመናውም ከአፋፉ ላይ ወርዶ ይተኛል። በሌላ አነጋገር ወንዙን የዘጋው ዝናብ ማረፊያውንም ይዘጋው ነበር። የክረምቱን ችግር የፈታው የትኛውም ዐይነት አይሮፕላን ሳይሆን ጠጠርና አስፋልት ነው፤ አስፋልቱም ቀድሞ የደረሰው ለመኪና ነበር።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር እየታገዘ ሲቋቋም፣ ከጣሊያን ዘመን የተረፉትን መንገዶች መጠገንና የጠቅላይ ግዛት ከተሞችን ከአዲስ አበባ ጋር በክረምት ከበጋ ማገናኘት ተቀዳሚ ሥራው ሆነ። በሸፋርታቅ ላይ ድልድይ ከተሠራ በኋላ ዐባይ በክረምት መታገዱ ቀረ። ይህ በጎጃም የመገናኛ ታሪክ ከአይሮፕላኑ መምጣት የሚበልጥ ለውጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አይሮፕላኑ ለጥቂቶች ቀኑን ወደ ሰዓት ለወጠ፤ ድልድዩ ግን ለሁሉም ክረምቱን ወደ ሁለት ቀን ለወጠው። ሁለት ቀን የሚባለው ለብዙ ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ በጠዋት ተነሥቶ በረሃውን ወርዶ ከወጣ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ደብረ ማርቆስ አድሮ በማግሥቱ ይቀጥል ስለነበረ ነው። የደብረ ማርቆስ ሆቴሎች፣ የደምበጫና የፍኖተ ሰላም ምግብ ቤቶች፣ የቡሬ እህል በረንዳ ሁሉ ከዚያ አውቶቡስና ከካሚዮኑ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው።

መንገዱ ሲሻሻል ግን ያልተጠበቀ ነገር ተከተለ። አጭር በረራ ለአየር መንገድ ውድ ነው። ነዳጁ በብዛት የሚቃጠለው በመነሣትና በመውጣት ጊዜ ስለሆነ፣ 190 ኪሎ ሜትር ለመብረር የሚከፈለው ወጪ ከርቀቱ ጋር አይመጣጠንም፤ በአንጻሩ አውቶቡሱ በትንሽ ዋጋ ከበር እስከ በር ያደርሳል። ዳኮታው ሲያረጅም የሚተኩት አይሮፕላኖች የተሻለ ማረፊያ የሚሹ ሆኑ። በዚህ የተነሣ ደብረ ማርቆስ፣ የጠቅላይ ግዛቱ መዲና የነበረች ከተማ፣ ለብዙ ዓመታት ከመደበኛው የበረራ ሰሌዳ ውጪ ሆና ቆይታለች፤ ሞጣም እንዲሁ። ባሕር ዳር ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፋብሪካና ፖሊቴክኒክ ሲያገኝ፣ ቀጥሎም የጢስ ዐባይ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው፣ ማረፊያውም ታድሶ ለጄት አይሮፕላን በቃ። በአንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ አንዱ ከተማ ወደ አየር ሲወጣ ሌላው ከአየር ወረደ።

ጄቱ ራሱ ያለ አደጋ አልመጣም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ለመብረር የተነሣ ቦይንግ 737 በመነሣት ላይ ሳለ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባበት። አብራሪው ለመመለስ ቢሞክርም ሞተሮቹ ስለ ቆሙ ከማረፊያው ውጪ በሆዱ ወደቀ፤ 35 መንገደኞችም ሞቱ። የሐይቅ ዳር ማረፊያና የእህል ማሳ ወፍ እንደሚስቡ በሥነ ሥርዓቱ የታወቀ ነገር ነው፤ የማረፊያ ቦታ ሲመረጥ ከአፈሩና ከነፋሱ ጋር ይህም መጠናት እንዳለበት ያ ቀን በከባድ ዋጋ አስተምሯል።

ዛሬ በባሕር ዳር መሥመር የሚበሩት፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገልግሎት የገቡት ኪው 400 የተባሉት ባለ ፐሮፔለር አይሮፕላኖች፣ ከፍተኛ የጉዞ ፍጥነታቸው በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ከዳኮታው ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ጊዜው ግን በግማሽ አልቀነሰም፤ የሰሌዳው ጊዜ አሁንም አንድ ሰዓት ግድም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ330 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ አይሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነቱ የሚበረው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው በምድር ላይ ለመንከባለል፣ ከፍታ ለመያዝ፣ ፍጥነት ለመቀነስና ተራ ጠብቆ ለማረፍ ይውላል። ሞተሩ በእጥፍ ቢጨምር የሚያተርፈው የመሃሉን ጥቂት ደቂቃ ነው። በአጭር መሥመር ላይ ፍጥነትን ማሳደግ ከአንድ መጠን በኋላ ለመንገደኛው ብዙም አይፈይድለትም።

አሁን ደግሞ ሂሳቡን ከፍኖተ ሰላም ሆኖ መሥራት ይቻላል። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ በመንገድ 387፣ በቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ነዋሪዋ በአይሮፕላን ልሂድ ቢል መጀመሪያ ጀርባውን ለአዲስ አበባ ሰጥቶ 176 ኪሎ ሜትር ወደ ባሕር ዳር መጓዝ አለበት፤ ይህም በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ማረፊያው ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ይጠብቃል፤ አንድ ሰዓት ይበራል፤ ከቦሌ ወጥቶ ከተማ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ቢቆጠር ጠቅላላው ስድስት ሰዓት ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሸፈነው መንገድ 506 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቀጥታ በመኪና ቢሄድ ከሚጓዘው በ119 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በመሃሉም ጮቄን ከላይ ሲያልፍ የተነሣበትን አገር በቀኝ በኩል በመስኮት ሊያየው ይችላል። በረሃው ካልተጨናነቀ በመኪና ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ስለሆነ፣ አይሮፕላኑ ያተረፈለት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። ለቡሬ ሰው ባሕር ዳር ትንሽ ስለሚቀርበው ትርፉ በጥቂቱ ይጨምራል፤ ለደምበጫ ሰው ግን ምንም አይተርፈውም። ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል የተላከ ሕመምተኛና አስታማሚው ትኬቱን የሚገዙት ወይም የሚተዉት ይህን ሂሳብ በልባቸው ሠርተው ነው። ሕመምተኛው ተኝቶ መጓዝ ያለበት እንደሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ መጫንና ሁለት ጊዜ ማውረድ አለ፤ ይህ በኪሎ ሜትርም በሰዓትም አይለካም።

በምድሩ በኩል ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። አንደኛው፣ በደጀን ተገንጥሎ በጮቄ ምሥራቅ በቢቸናና በሞጣ በኩል የሚሄደው መንገድ ደረጃው ስለ ተሻሻለ ባሕር ዳርን ወደ 485 ኪሎ ሜትር አቅርቧታል። በመግቢያው ላይ በጮቄ ሒሳብ ከተመዘገበው የ160 ኪሎ ሜትር ልዩነት ግማሹ በዚህ ተከፍሏል ማለት ነው። የአጭሩ መንገድ ትርፍ ግን ለባሕር ዳር መንገደኛ እንጂ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ አይደለም፤ ቀድሞ ሁሉም አውቶቡስ በደጃቸው ያልፍ ነበር፣ አሁን ከፊሉ በደጀን ላይ ይለያቸዋል።

ሁለተኛው በሸፋርታቅ ላይ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ሲሆን፣ የተመረቀው ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። አሮጌው ድልድይ ከባድ ካሚዮኖችን ተራ ያስጠብቅ ስለነበር በአዲሱ ላይ ጭነት እንደ ልብ ያልፋል። ሆኖም ድልድዩ የሚያሳጥረው የወንዙን ማቋረጫ ብቻ ነው፤ የአርባው ኪሎ ሜትር ቁልቁለትና ዳገት እንደ ነበረ አለ። የሸለቆው ግድግዳ በላዩ ባዛልት፣ በመካከሉ የኖራ ድንጋይና ለስላሳ ሸክላማ ንጣፍ ስለሆነ፣ ውሃ ሲገባበት ይንሸራተታል። መንገዱ በየክረምቱ በአንድ ወይም በሌላ ቦታ መሰነጣጠቁና መስመጡ የማያቋርጥ ጥገና ይጠይቃል።

ከባሕር ዳር የተነሣ አይሮፕላን ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን 22 ኪሎ ሜትር ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልፈዋል። በዚያው ሰዓት ከቡሬ በቆሎ ጭኖ የተነሣ ባለ ተሳቢ መኪና በታችኛው ማርሽ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እየተጠነቀቀ በደጀን ቁልቁለት ላይ ይገኛል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ ሲወጣ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎ ይሆናል። ሾፌሩ ውሃ ሊጨምር ሲቆም፣ አይሮፕላኗ አርፋ መንገደኞቿ ሻንጣቸውን ይዘው ከቦሌ ወጥተዋል።